ስክሪፕት ጽፎ ከጎንደር ለውድድር መላክ፦ ከጆሮ ደብተር እስከ መላኪያዋ ሌሊት

«ላክሁ፤ ግን ወፍ የለም።»

ይህን ከስንት ጀማሪ የፊልም ጸሐፊ እንደሰማሁ አላስታውስም። ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥ «እስቲ ስክሪፕቱን አሳየኝ» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ጥሩ ነው። የሚጥለው ሌላ ነገር ነው። ፊደሉ ዳኛው ኮምፒውተር ላይ ተበላሽቷል፣ ወይም የመጀመሪያው ረቂቅ ሳይታረም ተልኳል፣ ወይም ገጹ ላይ ያለው ነገር በካሜራ ሊታይ አይችልም። እኔም በሦስቱም ወድቄያለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

በቅደም ተከተሉ ሂዱ። በተለይ ደረጃ 4ን እና ደረጃ 5ን አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

*ሁለት ደብተር ግዙ*

አንዱ የጆሮ ደብተር ነው። ኪስ የሚገባ ትንሽ ይሁን። ሌላው የሥራ ደብተር ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

የጆሮ ደብተሩ ላይ የሰማችሁትን እንዳለ ጻፉ። አታሳምሩት። ከፒያሳ አዘዞ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ስትመዝን ከደንበኛዋ ጋር የምትከራከር ሴት አጠገብ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ባጃጅ ተራ ላይ። በቀን ሦስት መስመር ይበቃል። ሰው ሲናገር ስልክ አውጥታችሁ አትቅረጹ፤ ነውርም ነው፣ ጠብም ያመጣል። በቃላችሁ ያዙና ጥግ ላይ ጻፉት።

*ሐሳቡን ከየት ታመጣላችሁ?*

እዚህ ላይ የጎንደር ልጆች አንድ የጋራ በሽታ አለብን። ግንቡ። ያነበብኳቸው የጀማሪ ስክሪፕቶች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከሰማይ ሆኖ የፋሲልን ግንብ በሚያይ ካሜራ ነው። ቀጥሎ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክት ይመጣሉ። ከዚያ ጥምቀት። ስድስት ገጽ አልቋል፤ ገና አንድም ሰው ምንም አልፈለገም።

ግንቡ የቱሪስት ፖስተር ላይ አለ። ዳኛው ከእናንተ የሚፈልገው ፖስተሩ ላይ የሌለውን ነው። ጥምቀትን መጻፍ ካማራችሁ ሕዝቡን ተዉት። ጥር 11 ቀን ጠዋት ጎረምሶቹ ፋሲል መዋኛ ውስጥ ሲዘሉ ዳር ቆሞ የሁሉንም ልብስና ጫማ የሚጠብቀውን ልጅ ጻፉ። ለምን እሱ አልዘለለም? ከጫማዎቹ አንዱ ቢጠፋስ? ይኸው ታሪክ ተጀመረ። በዚያ ላይ ልጁንና የጫማውን ክምር ለመቅረጽ ብዙ ብር አያስፈልግም። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ግን ፕሮዲዩሰር ያስበረግጋል።

*ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ*

ሎግላይን የሚሉት ይህን ነው። ሦስት ነገር ይኑረው፦ ማን፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ይከለክለዋል። ለምሳሌ፦ «በጥምቀት ዕለት የሰፈሩን ልጆች ልብስ እንዲጠብቅ የተመደበ የ12 ዓመት ልጅ፣ የጉልበተኛው ጫማ ሲጠፋበት፣ ታቦቱ ሳይመለስ ጫማውን ከሕዝቡ መሃል ፈልጎ ማግኘት አለበት።»

ካልተሳካ፦ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ስለ ፍቅርና ስለ ክህደት» የሚል ከገባ ታሪክ ገና የላችሁም፤ ርዕሰ ጉዳይ ነው የያዛችሁት። ወደ ጆሮ ደብተሩ ተመለሱ።

ደረጃ 2፦ ትዕይንቶቹን ደርድሩ

ደብተር ቅጠል ለአራት ቅደዱ። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ትዕይንት፣ በሁለት መስመር ብቻ። ለ10 ደቂቃ አጭር ፊልም ከ6 እስከ 12 ቁራጭ፣ ለረጅም ፊልም ከ40 እስከ 60 ቁራጭ ይበቃል። ወለል ላይ ዘርጉት። (ትንሽ ወንድም ወይም ድመት ካለ በር ዝጉ።)

አሁን እያንዳንዱን ቁራጭ አንሡና ይህን ጠይቁ፦ ይህ ቢወጣ ቀጣዩ ይፈርሳል? ካልፈረሰ አውጡት። በመካከላቸው «ከዚያ» የሚል ቃል የምትጨምሩ ከሆነ ሰንሰለቱ ልል ነው። «ስለዚህ» ወይም «ግን» እስኪመጣ ድረስ አቀያይሩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወዳደሩ ከሆነ በአጭሩ ጀምሩ። 90 ገጽ ጽፎ ከመውደቅ 10 ገጽ ጽፎ መውደቅ ይሻላል። ቶሎ ትነሣላችሁ።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ረቂቅ

*ሰዓት ቁረጡ*

የእኔ ሰዓት ከሌሊቱ 11 ነው። ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ስልክ አይጮህም። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ዋናው ሰዓቱ አንድ መሆኑ ነው። በቀን 2 ገጽ ጻፉ። በ45 ቀን 90 ገጽ ይሆናል። በአንድ ሌሊት 15 ገጽ ጽፎ ሁለት ሳምንት የሚጠፋ ሰው ስክሪፕት ሲጨርስ አላየሁም፤ እኔው ራሴ እንደዚያ ነበርኩ።

ስታቆሙ ትዕይንቱን አትጨርሱት። መሃል ላይ አቁሙ። ቀጣዩን መስመር እያወቃችሁ ከተነሣችሁ ነገ ባዶ ገጽ ፊት አትቀመጡም።

*መብራት ቢጠፋስ?*

ይጠፋል። በእጅ መጻፍ ልመዱ። ኮምፒውተር ላይ ስትሆኑ በየ15 ደቂቃው አስቀምጡ። በቀኑ መጨረሻ ፋይሉን ለራሳችሁ ቴሌግራም ላይ ላኩ፤ የፋይሉ ስም ላይ ቀኑን ጨምሩ። አንድ ክረምት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የጻፍኳቸው 14 ገጾች መብራቱ ጥፍት ሲል አብረው ሄዱ። እንደገና ስጽፋቸው 9 ገጽ ሆኑ። ምናልባት ተሽለው ይሆናል፤ ግን በዚያ መንገድ መማር አይመከርም።

*ማስጠንቀቂያ*

ረቂቁን እየጻፋችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አታርሙ። ገጽ 1ን አሥር ጊዜ ያሳመረ ሰው ገጽ 20ን አያይም። የማይጥም መስመር ካጋጠማችሁ ከጎኑ ኮከብ አድርጉበትና ቀጥሉ።

ደረጃ 4፦ ዓይን የሚያየውን፣ ጆሮ የሚሰማውን ብቻ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ልብ ወለድ የለመደ እጅ የገፀ ባሕርይውን ሆድ ውስጥ ገብቶ ይጽፋል። ካሜራ ሆድ ውስጥ አይገባም። ይህን ተመልከቱ፦

> ውስጥ — ሻይ ቤት — ጠዋት
> ደምሴ ሻይ ቤት ገባ። ደምሴ በአባታቸው ርስት ምክንያት ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ሰባት ዓመት ሳይነጋገር የኖረ፣ ልቡ የተሰበረ ሰው ነው። ወንድሙን ሲያየው ያለፈው ሁሉ ትዝ አለው።

ከዚህ ውስጥ ሊቀረጽ የሚችለው «ሻይ ቤት ገባ» የሚለው ብቻ ነው። ሌላውን ተመልካች በምን ያውቀዋል? እንዲህ እንሞክረው፦

> ውስጥ — ሻይ ቤት፣ አዘዞ — ጠዋት
> ደምሴ (40፣ አቧራ የጠገበ ካፖርት) ይገባል። ቤቱ ሞልቷል። ጥግ ላይ ወንድሙ አያሌው (45) ዳቦ ይዞ ተቀምጧል። ከፊቱ ያለው ወንበር ብቻ ባዶ ነው።
> ደምሴ ወንበሩን ያየዋል። ዞሮ ባንኮኒው ላይ ይቆማል።
>
> ደምሴ
> ሻይ።
>
> አስተናጋጅ
> ቦታ አለኮ፣ ጋሼ።
>
> ደምሴ
> ቁሜ ነው የምጠጣ።
>
> አያሌው ዳቦውን ለሁለት ይገምሳል። ግማሹን ባዶው ወንበር ፊት ያስቀምጠዋል።

ሰባት ዓመት የሚል ቃል የለም። ርስት የሚል ቃል የለም። ግን አንባቢው ዳቦውን አይቶ ገጹን ይገልጣል።

*ሦስት የሰዋስው ወጥመዶች*

አንደኛ፣ ድርጊት የሚጻፈው አሁን በዓይናችሁ ፊት እንደሚሆን ነው። «ገባ፣ ተቀመጠ» ሳይሆን «ይገባል፣ ይቀመጣል» በሉ።

ሁለተኛ፣ አክብሮት። አንድ ሽማግሌ ሲገቡ «ይገባሉ» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢው ስንት ሰው እንደገባ ይጠፋዋል። አንድ ናቸው? ብዙ ናቸው? በድርጊት መስመር ላይ ለሁሉም «ይገባል» በሉ። እጃችሁ እንቢ ይላል፤ የእኔም ብሎ ነበር። አክብሮቱን ለንግግሩ አቆዩት።

ሦስተኛ፣ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ገፀ ባሕርይ መጀመሪያ ሲመጣ ስሙ በትልቁ ፊደል ይጻፋል። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ስለዚህ መጀመሪያ ሲመጣ ስሙን አድምቁት። ከዚያ በኋላ በተራ ፊደል ይቀጥል።

*ምልልስ*

አሁን የጆሮ ደብተሩ ይውጣ። ደምሴ «ቁሜ ነው የምጠጣ» ሲል የምን አገር ሰው እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። «ቆሜ ነው የምጠጣው» ቢል የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ይመስላል። ግን አታብዙት። በየመስመሩ የገጠር አነጋገር ከተጨመረ ቧልት ይሆናል፤ ሰዉ ይስቃል፣ ታሪኩ ይቀራል።

አማርኛ ለስክሪፕት ጸሐፊ የሰጠው ትልቁ መሣሪያ ግን «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» እና «አንቱ» ናቸው። በጎንደር ገጠር ባሏን ዕድሜ ልኳን «አንቱ» የምትል ሴት አለች። 70 ገጽ ሙሉ «አንቱ» ስትለው ቆይታ፣ በ71ኛው ገጽ በሩ ላይ ቆማ «አንተ» ብትለው ሌላ ምን ንግግር ያስፈልጋል? መጮህ የለም፣ ዕቃ መስበር የለም። ትዳሩ በአንድ ቃል አለቀ። ስለዚህ እያንዳንዱ ገፀ ባሕርይ ሌላውን ምን ብሎ እንደሚጠራ በሥራ ደብተራችሁ ላይ ሠንጠረዥ አውጡ። መቼ እንደሚለወጥም ወስኑ። ሳታስቡት አንድ ቦታ «እርስዎ»፣ ሌላ ቦታ «አንቱ» ከሆነ ግን መሣሪያው ደነዘ።

*ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሱት*

የውጭ ውድድሮች አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ይፈልጋሉ። እዚያ ሲደርስ «አንቱ» እና «አንተ» አንድ ቃል ይሆናሉ። ያ የ71ኛው ገጽ ፍንዳታ ጸጥ ይላል። መፍትሔው ቃሉን መተርጎም ሳይሆን ሌላ ምልክት መፈለግ ነው። ለምሳሌ ሴትዮዋ እስከዚያ ገጽ ድረስ ባሏን «የልጆቼ አባት» ብቻ ትበለው። በሩ ላይ ቆማ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ትጥራው። ይህ በማንኛውም ቋንቋ ይሰማል።

ሰምና ወርቅም እንደዚሁ ነው። አዝማሪ በግጥም አንዱን ሰው ሲወጋ እኛ ኅብረ ቃሉን እንይዘዋለን፤ የውጭ ዳኛ አይዘውም። የግጥሙን ማብራሪያ በቅንፍ አትጻፉ። የተወጋውን ሰው ፊት አሳዩ። ጠላው ከአፉ ሳይደርስ ቆመ፤ ሰዎቹ እሱን ላለማየት አንገታቸውን ደፉ። ገባው።

ደረጃ 5፦ ገጹን አስተካክሉ

ይህ ደረቅ ሥራ ነው። ሆኖም አንድ ስክሪፕት ሳይነበብ የሚጣለው እዚህ ነው።

1. *ፊደሉ ዩኒኮድ (በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ እንዲነበብ የተደረገ የፊደል ሥርዓት) ይሁን።* ኒያላ፣ አቢሲኒካ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይሆናሉ። በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ፋይል ያ ሶፍትዌር በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ክምር ሆኖ ይከፈታል። የመጀመሪያ ስክሪፕቴ እንዲህ ሆኖ ነው የደረሰው። አዘጋጆቹ «ባዶ ፋይል ልከዋል» ብለው መለሱልኝ። መልስ ማግኘቴ ራሱ ዕድል ነበር።

2. *ኅዳግ (በገጹ ዳር የሚተው ባዶ ቦታ)።* በግራ 3.8 ሴንቲ ሜትር፣ በሌሎቹ ጎኖች 2.5። የምልልሱ መስመር ከግራው ኅዳግ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገባ ይበል፣ የተናጋሪው ስም ደግሞ ወደ 5.6። በክፍት ቦታ መምቻው እየቆጠራችሁ አታስገቡ፤ የአንቀጽ ማስተካከያውን ተጠቀሙ። አለዚያ አንድ ቃል ስትጨምሩ ሁሉም ይናዳል።

3. *የትዕይንት ርዕስ።* ውስጥ ወይስ ውጪ፣ ቦታው፣ ጊዜው። በዚህ ቅደም ተከተል፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት። «የአያሌው ቤት» ያላችሁትን ሌላ ገጽ ላይ «የእነ ደምሴ ወንድም ቤት» አትበሉ።

4. *የእንግሊዝኛው ቅጂ* በኩሪየር (ሁሉም ፊደል እኩል ስፋት ባለው) ፊደል፣ በ12 መጠን ይሁን። አንድ ገጽ ወደ አንድ ደቂቃ ፊልም ይሆናል የሚባለው ስሌት የተሠራው ለዚህ ነው።

5. *በአማርኛው ግን ስሌቱን አትመኑ።* ኩሪየር የግዕዝ ፊደል የለውም፤ በምትኩ የምንጠቀምባቸው ፊደሎች ስፋታቸው ይለያያል፣ ቃላታችንም ረጃጅም ናቸው። ስክሪፕቱን ጮክ ብላችሁ፣ ድርጊቱንም በልባችሁ እያያችሁ አንብቡት። በስልክ ሰዓት ለኩ። 10 ደቂቃ ይሁን ካሉ የለካችሁት 10 ይሁን።

6. *ፒዲኤፍ አድርጉና በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት።* በራሳችሁ ኮምፒውተር ደህና መከፈቱ ምንም አያረጋግጥም።

ካልተሳካ፦ በሌላው ስልክ ላይ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ከታዩ ፊደሉ ፒዲኤፉ ውስጥ አልገባም ማለት ነው። ጽሑፉን በሙሉ ምረጡ፣ ከላይ ወደ ጠቀስኳቸው ፊደሎች ቀይሩ፣ እንደገና ፒዲኤፍ አውጡ። ጽሑፉ ሲቀየር ራሱ ከተበላሸ በድሮው ሶፍትዌር የተጻፈ ነው። እሱን ከመጠገን እንደገና መተየብ ይፈጥናል።

ደረጃ 6፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ረቂቁን ጨርሳችሁ ሁለት ሳምንት አትንኩት። ከዚያ ቡና አፍሉ።

አራት አምስት ሰው ጥሩ። የገፀ ባሕርያቱን ድርሻ አከፋፍሉ። ድርጊቱን አንድ ሰው ያንብብ። እናንተ ጸሐፊዎቹ አታንብቡ፣ አትናገሩ፣ አታብራሩ። ይህ ከባድ ነው፤ «እዚህ ላይ ማለት የፈለግኩት…» ሊያመልጣችሁ ይችላል። ካመለጣችሁ ያ ቦታ ገጹ ላይ አልተጻፈም ማለት ነው፤ ምልክት አድርጉበት። ረጅም ፊልም ከሆነ በሦስት ክፈሉት። አንዱ በአቦል፣ ሁለተኛው በቶና፣ የመጨረሻው በበረካ። ቶና ላይ ሰዉ ስልኩን ማየት ከጀመረ የመሃሉ ክፍል ረዝሟል።

የቡና ሰው ጨዋ ነው። «ቆንጆ ነው፣ በርታ» ይላል። ይህ አይጠቅምም። ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ የት ሰለቻችሁ? ማንን ከማን አምታታችሁ? ቀጥሎ ምን ይሆናል ብላችሁ ጠበቃችሁ? መፍትሔ እንዲሰጧችሁ አትጠይቁ። ሁለት ሰው ያንኑ ቦታ ከጠቆመ ቦታው ታሟል። የሚያዙላችሁ መድኃኒት ግን ብዙ ጊዜ የሌላ ፊልም ነው።

ከዚያ እንደገና ጻፉ። ማረም አላልኩም። አዲስ ፋይል ክፈቱና ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምራችሁ ጻፉ። አሮጌውን ከጎን አስቀምጡት። እጃችሁ እንደገና ለመተየብ የሚሰንፍባቸው መስመሮች መውጣት ያለባቸው ናቸው።

ደረጃ 7፦ ውድድሩን መርምሩ

ቴሌግራም ላይ ያያችሁት ማስታወቂያ ሁሉ ውድድር አይደለም። ከመላካችሁ በፊት የሙሉ ደንቡን ገጽ ፈልጉ። ደንብ ከሌለው አትላኩ። ካለው እነዚህን ፈልጉ፦

- የሚወዳደረው ወረቀቱ ነው ወይስ የተሠራ ፊልም? የፊልም ሽልማቶች ለምርጥ ስክሪፕት ቢሸልሙም ብዙዎቹ የሚያዩት ለእይታ የበቃ ፊልም ነው።
- በየትኛው ቋንቋ? ስንት ገጽ?
- ከመጽሐፍ ወይም ከሌላ ሰው ታሪክ የተወሰደ ይፈቀዳል? ብዙዎቹ አይፈቅዱም።
- ስም መጻፍ ይከለከላል? አንዳንዶች ዳኛው የጸሐፊውን ማንነት እንዳያውቅ ይፈልጋሉ። አንድ ጊዜ ስሜን በየገጹ ግርጌ ጽፌ ስክሪፕቱ ሳይነበብ ከውድድሩ ወጥቷል። የፋይሉን ስምም ተመልከቱ።
- መብቱ የማን ነው? «የተላኩ ጽሑፎች በሙሉ የአዘጋጁ ንብረት ይሆናሉ» የሚል ካለ ሽልማቱ ምንም ያህል ቢሆን ተዉት።

የዘንድሮውን ደንብ አንብቡ፤ የአምናውን አይደለም። ለምሳሌ የኦስካር አካዳሚ የሚያዘጋጀው የኒኮል የስክሪፕት ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ያለ ነው፣ በእንግሊዝኛ ለተጻፉ ሥራዎች። በ2025 ግን ከጸሐፊው በቀጥታ መቀበሉን ትቶ በአጋር ተቋማት በኩል እንዲመጣ አድርጓል። የድሮው ምክር አሁንም ከሰው ሰው ይዘዋወራል።

*ክፍያ*

የውጭ ውድድሮች ብዙ ጊዜ በዶላር ያስከፍላሉ፤ አብዛኞቻችን ደግሞ ውጭ የሚከፍል ካርድ የለንም። መጀመሪያ ነፃ የሆኑትን ፈልጉ። ቀጥሎ ለአዘጋጆቹ አጭር ኢሜይል ጻፉ፦ ከየት እንደሆናችሁ፣ የመክፈያ መንገድ እንደሌላችሁ፣ ከክፍያ ነፃ እንዲያደርጓችሁ። አራት መስመር ይበቃል። ችግራችሁን አትዘርዝሩ። ይህን ጊዜ ሲኖር አድርጉት፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚጻፍ ኢሜይል መልስ ሳያገኝ ቀኑ ያልፋል። ካርድ ያለው ዘመድ ካላችሁ ደግሞ በማን ስም እንደሚመዘገብ ተጠንቀቁ። ተወዳዳሪው እናንተ ናችሁ።

*ይሰርቁኛል ብላችሁ ከፈራችሁ*

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጻፈውን ሥራ ይጠብቃል፤ ሐሳብን ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ያልተጻፈ ታሪክ በየካፌው አታውሩ። ረቂቆቹን ሁሉ በቀናቸው አስቀምጡ። ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩ። ክርክር ቢነሣ መቼ ምን እንደጻፋችሁ ማሳየት ይጠቅማል።

ደረጃ 8፦ የመላኪያዋ ሌሊት

ሁለት ወጥመድ አለ። ቀኑና ሰዓቱ።

ማስታወቂያው «ሜይ 1 ከምሽቱ 11:59 በሎስ አንጀለስ ሰዓት» ይላል እንበል። ሜይ 1 ሚያዝያ 23 ነው። ሎስ አንጀለስ በዚያ ወቅት ከእኛ 10 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስለዚህ በሩ የሚዘጋው ሚያዝያ 24 ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ከ59 ነው። በክረምታቸው ወራት ልዩነቱ 11 ሰዓት ይሆናል። «በግሪንዊች ሰዓት 23:59» ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ 3 ሰዓት ብቻ ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59 ይዘጋል። ይህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2:59 ነው፤ እኔ አንድ ጊዜ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብዬ አስቤ ጠዋት ቁርሴን በልቼ ስቀመጥ በሩ ከተዘጋ ስድስት ሰዓት አልፎት ነበር። ሥራ ደብተራችሁ ላይ በእኛ ቀንና በእኛ ሰዓት ቀይራችሁ በትልቁ ጻፉት። ከዚያ ሦስት ቀን ቀንሱ። የእናንተ የመጨረሻ ቀን ያ ነው።

የመላኪያ ቅደም ተከተሉ፦

1. ሎግላይኑንና ሲኖፕሲሱን (የታሪኩን አጭር ማጠቃለያ) በሌላ ፋይል አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ሲኖፕሲስ መጨረሻውን ይናገራል። «ምን ይሆን? ፊልሙን ይመልከቱ» ብላችሁ አትዝጉ፤ ያ የፖስተር ጽሑፍ ነው።
2. ፒዲኤፉን ለመጨረሻ ጊዜ ከፍታችሁ የገጹን ቁጥርና የመጨረሻውን ገጽ እዩ።
3. ቅጹን ሙሉ። ስማችሁን ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ላይ ባለው አጻጻፍ ጻፉ።
4. ፋይሉን ጫኑ፤ ከዚያ ከራሱ ከድረ ገጹ መልሳችሁ አውርዳችሁ ክፈቱት።
5. የማረጋገጫውን ገጽ ፎቶ አንሡ።

ካልተሳካ፦ ኔትወርክ መሃል ላይ ከተቋረጠ ደጋግማችሁ አትጫኑ። ኢሜይላችሁን እዩ፤ ማረጋገጫ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ካልደረሰ ፋይሉን ስልካችሁ ላይ አድርጉና በሞባይል ዳታ ሞክሩ። እሱም ካልሆነ ኢንተርኔት ቤት ሂዱ፤ ስትወጡ ግን ፋይሉን ከኮምፒውተሩ ላይ አጥፉ፣ ከአካውንታችሁም ውጡ። የተሳሳተ ረቂቅ ከላካችሁ ወዲያው ለአዘጋጆቹ ጻፉ። ቀኑ ካላለፈ አንዳንዶቹ ይቀይሩላችኋል።

ደረጃ 9፦ ከላካችሁ በኋላ

ውድድሩን በሥራ ደብተራችሁ መጨረሻ ገጽ መዝግቡ፦ ስሙ፣ የላካችሁት ረቂቅ ስንተኛው እንደሆነ፣ የውጤቱ ቀን። ውጤት ስትጠብቁ አትቀመጡ፤ በማግስቱ የጆሮ ደብተሩን ክፈቱና ቀጣዩን ጀምሩ።

«አልተመረጠም» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ምክንያት የለውም። ምክንያት ከተጻፈላችሁ አትመልሱለት፣ አትከራከሩ። ለአንድ ሳምንት ደብቁት። ከዚያ ቡና ላይ ከሰማችሁት ጋር አስተያዩት። ያው ቦታ ከተጠቆመ ወደ ደረጃ 2 ቁራጮች ተመለሱ። ያንኑ ስክሪፕት ሳይነካ ለሌላ ውድድር የምትልኩት ግን ቢያንስ ሁለት ቦታ ምንም አስተያየት ሳይሰጥ ከወደቀ ብቻ ነው፤ የውድድሩ ዓይነት አልገጠመ ይሆናል።

ቢመረጥስ? ደስ ብሏችሁ ለሰፈሩ ሁሉ ንገሩ፤ ውል ግን ያን ዕለት አትፈርሙ። ፕሮዲዩሰሩ «ስክሪፕቱን እንያዘው» ካለ ለስንት ወር እንደሚይዘው፣ ለመያዙ ስንት እንደሚከፍል፣ ፊልሙ ካልተሠራ መቼ እንደሚመለስላችሁ፣ ስማችሁ የት ላይ እንደሚጻፍ ጠይቁ። በቃል «አታስቡ» ከተባላችሁ፣ ያንኑ «አታስቡ» የሚለውን በአንቀጽ እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ።